ግዳይና ገድል፦ የተሸለመው የጦር አብራሪ በሁለት ልብ ወለዶች

በአማርኛ የጀግና ነገር ሲነሣ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይመጣሉ። አንደኛው ግዳይ ነው፤ ሁለተኛው ገድል። ግዳይ አዳኝ ወይም ጦረኛ የጣለው፣ ቆጥሮ በጌታው ፊት የሚያቀርበውና የሚፎክርበት ነው። ገድል ደግሞ ጻድቁ ወይም ሰማዕቱ የተቀበለው መከራ ታሪክ ነው፤ ረኀቡ፣ እስሩ፣ ግርፋቱና ጽናቱ የሚነገርበት። የመጀመሪያው ሰውየው በሌላው ላይ ያደረገውን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው በሰውየው ላይ የደረሰውን ይተርካል። ሁለቱ ቃላት ግን ከአንድ ሥር የወጡ ይመስላሉ፤ በ«ግዳይ» ላይ የ«ለ» ድምፅ ተለውጦ «ይ» ሆኖ ቢሰማም «ገደለ»ም «ተጋደለ»ም ከዚያው ቤት ናቸው። የሥርወ ቃሉን ዝርዝር ለሥነ ልሳን ባልደረቦቼ እተወዋለሁ። እኔ የምፈልገው ጥንዱን ለኂስ መሣሪያነት ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውጊያ ጀብዱ የተሸለመ አብራሪ በልብ ወለድ ውስጥ እንዴት እንደሚቀርብ መመርመር ነው። ለዚህም ሁለት መጻሕፍት ተመርጠዋል። አንዱ ሩሲያዊው ቦሪስ ፖሌቮይ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው የእውነተኛ ሰው ታሪክ ሲሆን፣ ሌላው አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄለር እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ካች 22 ነው። ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ መገናኘታቸው አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። አንዱ ለአንድ ሥርዓት ሲባል የተጻፈ፣ ሌላው በማናቸውም ሥርዓት ላይ የሚሣለቅ ነውና። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሜዳይ ምን ይቆጥራል? ምንስ ሳይቆጥር ይቀራል?

በመጀመሪያ ግን አብራሪው ለምን ተለይቶ እንደሚታይ ማስረዳት ያስፈልጋል። የእኛ ፉከራ ምስክር ባለበት የሚነገር ጥበብ ነው። ፎካሪው «ገዳይ» ብሎ ራሱን ሲጠራ፣ አብሮት የዋለው ጓዱ፣ ሲገድል ያየው አለቃው እዚያው አዳራሽ ወይም ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል አፍረት ይከተለዋል። ስሙንም ከፈረሱ ጋር አስተሳስሮ ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። አብራሪው ይህ ሁሉ የለውም። የሚጋልበው ነገር ስም ሳይሆን ቁጥር አለው። የሚዋጋው ሰው ዐይን በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ከታች ያለው ገበሬ የሚያየው ጭስ፣ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ግዳዩን የሚመሰክርለት አጠገቡ የሚበረው ጓዱ፣ ወይም ከመትረየሱ ጋር የተገጠመች ካሜራ ናት። ስለዚህ የአብራሪ ጀግንነት ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በቢሮ በኩል ዞሮ ነው። ሪፖርት ይጻፋል፣ ይጣራል፣ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም በሦስተኛ መደብ፣ በደረቅ ቋንቋ የተጻፈ የሽልማት መግለጫ ይነበባል። ይህን ያህል በረራ፣ ይህን ያህል አውሮፕላን፣ በዚህ ቀን። ሜዳይ ማለት እንግዲህ በመንግሥት መዝገብ የገባ ግዳይ ነው ማለት ይቻላል።

የፖሌቮይ ልብ ወለድ በእውነተኛ ሰው ታሪክ ላይ የቆመ ነው። አሌክሴይ ማረስየቭ የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ ሁለት እግሮቹ ተጎድተው 18 ቀን በበረዶ ላይ እየዳኸና እየተንከባለለ ወደ ወገን መስመር ተጓዘ። የመንደር ሰዎች አገኙት። ሞስኮ ሆስፒታል ሲደርስ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበቱ በታች ተቆረጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሰው ሠራሽ እግሮች ወደ ጦር ግንባር ተመልሶ በ1943 የበጋ ወራት በኩርስክ ውጊያ የጠላት አውሮፕላኖችን ጣለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተብሎ ተሸለመ። ስለ እሱ በሚጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ውስጥ የሚገኘው የተለመደ ሒሳብ 86 የውጊያ በረራና 11 የተጣሉ አውሮፕላኖች ነው። ፖሌቮይ የባለታሪኩን ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ መረስየቭ ብሎታል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ለውጡ ይበልጥ ይታያል፤ ራብዑ «ማ» ግዕዙ «መ» ሆነ፣ በዚህም ሰውየው ገጸ ባሕርይ ሆነ።

መጽሐፉ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በጫካውና በመንደሩ፣ ሁለተኛው በሆስፒታል፣ ሦስተኛው በማገገሚያና በሥልጠና፣ አራተኛው በጦር ግንባር ያልፋል። ይህ አወቃቀር ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋል። ሜዳዩ የተሰጠው በአራተኛው ክፍል ለተፈጸመው ነገር ነው። ልብ ወለዱ ግን ሦስት አራተኛ ጉልበቱን ያፈሰሰው ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው። የመክፈቻው የአየር ውጊያ እንኳ በቀጥታ አይተረክም። መጽሐፉ ሲከፈት አብራሪው በረዶ ላይ ወድቆ፣ የተራበ ድብ እየቀረበው ነው የምናገኘው፤ እንዴት እንደወደቀ የሚነገረን በኋላ፣ በትዝታ መልክ፣ በጥቂት ገጾች ነው። ደራሲው ጋዜጠኛ ነበርና አንባቢ ሰማዩን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ሆኖም ከሰማዩ አወረደን።

ከዚያ የሚከተለው ጉዞ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሰው በአካሉ ከሚለካቸው ርቀቶች መካከል በጥንቃቄ ከተጻፉት አንዱ ይመስለኛል። አውሮፕላኑ በደቂቃዎች የሚያቋርጠውን መሬት በእርምጃ፣ እርምጃው ሲያቅተው በክርኑ ይለካዋል። ቁጥር እዚህም አለ፤ የሚቆጠረው ግን ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ጥድ ድረስ ስንት እርምጃ? ከዚያኛው እስከ ቀጣዩስ? ምግቡ በረዶ ሥር የተረፈ የዱር ፍሬ፣ ጉንዳን፣ በእንቅልፍ ላይ የተገኘ ትንሽ ጃርት ነው። ግዳይ ቆጣሪው አብራሪ ጉንዳን ለቅሞ በላ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ትረካው ከግዳይ ወደ ገድል የተሻገረበት ቦታ ነው። የገድል ጸሐፊዎቻችን ይህን ሽግግር አሳምረው ያውቁታል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው ሲጸልዩ በሥዕል የምናያቸው፣ ክብራቸው ባደረጉት ተአምር ብዛት ብቻ ስላልተለካ ነው። እግሩ ራሱ ምስክር ሆኗል። ፖሌቮይ ስለ እኛ ገድላት የሚያውቀው ነገር ነበር አልልም። ጽናትን በአካል ላይ የማንበብ ዘዴ ግን ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሕዝቦች የሚጋሩት ይመስላል።

አብራሪውን ያገኙት የመንደር ልጆች ናቸው። ጀርመኖች መንደራቸውን አቃጥለውት ሕዝቡ ጫካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ የሚበላ የለም። አብራሪውን ለማዳን ግን ሾርባ ያስፈልጋል። በመንደሩ ውስጥ የቀረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት። ጀርመኖች በመጡ ቁጥር ተደብቃ ስላመለጠች ትንሿ ፓርቲዛን የሚል ስም ወጥቶላታል። ባለቤቷ አሮጊት አረደቻት። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ከፍታ እዚህ ነው፤ ከኩርስክ ሰማይ ይበልጣል። ምክንያቱም ሜዳዩ በአንድ ሰው ደረት ላይ የሚሰካ ሲሆን፣ ጀግንነቱ ግን የአንድ ሰው እንዳልነበረ የምትመሰክረው ይህች ዶሮ ናት። የአሮጊቷ ስም በየትኛውም የሽልማት መግለጫ ውስጥ አይገባም። ልብ ወለድ ከመዝገብ የሚለየው፣ ዶሮዋን እስከነስሟ መያዝ በመቻሉ ነው።

አብራሪው በሆስፒታል ሳለ የሚፈራው ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። እግሮቹ መቆረጣቸውን ከእናቱና ከሚወዳት ልጅ ከኦልያ ይደብቃል። ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን ሁሉ ደኅና እንደሆነ ነው። በአየር ላይ ያልፈራው ሰው አንዲት ወረቀት ይፈራል። ይህ ክፍል ለስላሳ ነው እየተባለ ሲነቀፍ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሐቀኛ ገጾች አንዱ ነው እላለሁ፤ ደራሲው ለጀግናው ኀፍረትን ፈቅዶለታልና። እንደገና ለመብረር ሲወስንም የሚጋፈጠው ጠላት ጀርመናዊ አይደለም፤ የሐኪሞች ቦርድ ነው። ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ «ነገ ተመለስ» የሚል ጸሐፊ። ሐኪሞቹን ለማሳመን በሰው ሠራሽ እግሮቹ መደነስ ይማራል፤ ከእያንዳንዱ ጭፈራ በኋላ ተደብቆ ያበጠውን ቁስሉን ያጥባል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠና አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

መጽሐፉ የሚወድቀውም እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አብራሪው ተስፋ ቆርጦ ሲተኛ፣ በዚያው ክፍል ያለ በሞት አፋፍ ላይ የሚገኝ ኮሚሳር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እግሩ ተጎድቶ ወደ በረራ ስለ ተመለሰ አንድ የሩሲያ አብራሪ የተጻፈ ቁራጭ ጽሑፍ ያስነብበዋል። እሱ አንድ እግር ብቻ ነው ያጣው ብሎ ሲከራከር፣ ኮሚሳሩ የሚሰጠው መልስ አንተ የሶቪየት ሰው ነህ የሚል ይዘት ያለው ነው። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ገድሉ ባለቤት ተገኘለት። ባለቤቱም ሰውየው አይደለም፣ አሮጊቷም አይደለችም፤ መንግሥት ነው። እስከዚያ ድረስ በእርምጃና በጉንዳን የተገነባው ነገር በአንድ ቃል ተጠቃለለ። ልብ ወለዱ ራሱ እዚህ ላይ ሜዳይ ሆነ፤ እንዲያውም ደራሲው በቀጣዩ ዓመት በዚሁ መጽሐፍ የስታሊንን ሽልማት አግኝቷል። በነገራችን ላይ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ውጊያ በረራ የተመለሰ በታሪክ የታወቀ የሩሲያ አብራሪ አለ፤ አሌክሳንደር ሴቨርስኪ ይባላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው አውሮፕላን ሠሪ ሆኗልና፣ በ1946 ሞስኮ ውስጥ በታተመ ልብ ወለድ ስሙ የሚነሣ ሰው አልነበረም። ገድል ምስክሮቹን የሚመርጠው እንዲህ ነው። የገድል ዘር የሆነ ጽሑፍ ሁሉ ያለበት ደዌም ይኸው ነው። ከመከራው ይልቅ የመከራው ትርጉም ቀድሞ ይታወቃል።

ይህን ድክመት ለማየት ሄለርን አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሄለር ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኮርሲካ ከሰፈረ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ክፍል ጋር 60 በረራ ያደረገ ሰው ነው። ባለታሪኩ ዮሳሪያን አብራሪ ሳይሆን በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ቦምቡን የሚለቅቅ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ከአብራሪዎች ጋር የቆጠርሁት ሜዳዩ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ስለሚመዝናቸው ነው። በፌራራ ከተማ ያለውን ድልድይ እንዲመታ ይላካል። በመጀመሪያው ዙር ስላልተመቸው ቦምቡን ሳይጥል ያልፋል፤ ሁለተኛ ዙር ተመልሶ ድልድዩን ያፈርሰዋል። በዚያ ሁለተኛ ዙር ግን ክራፍት የተባለ ወጣት አብራሪ ከነባልደረቦቹ ይሞታል። አለቆቹ ተቆጡ። ለምን ሁለት ጊዜ ዞርህ ብለው ሊቀጡት ያስባሉ፤ ቢቀጡት ደግሞ ጥፋት መሠራቱን ማመን ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ሜዳይ ሰጡት፣ ማዕረግም ጨመሩለት።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሄለር የሚያሳየን ግዳይ በቢሮ በኩል ሲዞር ምን እንደሚሆን ነው። ድልድዩ ተቆጥሯል። ክራፍት አልተቆጠረም። መግለጫው ውስጥ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ መግለጫው በጠቅላላው ውሸት ሆነ። የሽልማቱ ዕለት ዮሳሪያን ራቁቱን ነው የሚሰለፈው። ስኖውደን የተባለ ጓዱ በአውሮፕላኑ ውስጥ ቆስሎ ሲሞት ደሙ በዩኒፎርሙ ላይ ስለፈሰሰ፣ ከእንግዲህ ዩኒፎርም አልለብስም ብሏል። ጄኔራሉ ሜዳዩን የሚሰካበት ጨርቅ አጣ። ፖሌቮይ ገድልን በተቆረጠ እግር ላይ ሲጽፍ፣ ሄለር ደግሞ ሜዳዩ የሚያርፍበትን ቦታ ከገላው ላይ አነሣ። በሁለቱም ዘንድ ምስክሩ አካል ነው። ልዩነታቸው፣ ሄለር የስኖውደንን ሞት እስከ መጨረሻው ድረስ ትርጉም ሳይሰጠው፣ በቁራጭ በቁራጭ እየደጋገመ ሲመልሰው፣ ፖሌቮይ ግን ኮሚሳሩን አምጥቶ ትርጉሙን መወሰኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ሄለር ያዘነብላል ማለቴ አይደለም። ተማሪዎቻችን ካች 22ን ሲያነቡ ቶሎ ይወዱታል፣ የእውነተኛ ሰው ታሪክን ደግሞ ፕሮፓጋንዳ ብለው ቶሎ ይዘጉታል። ይህ ፍርድ ችኩል ነው። በሄለር መጽሐፍ ውስጥ አሮጊቷና ዶሮዋ የሉም። ቦምቡ የሚወድቅበት መሬት ላይ ስለሚኖሩት ሰዎች የሚነገረው ጥቂት ነው። ሣቅ ቢሮውን ያጋልጣል እንጂ የተራበን ሰው ሾርባ አያጠጣም። ፖሌቮይ ደግሞ በድኅረ ቃሉ አንድ የማይረሳ ነገር ይነግረናል። በ1943 የበጋ ወራት በኦርዮል ግንባር ከአብራሪው ጋር በአንድ ጉድጓድ ቤት ሲያድር፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ይሰማል፤ ሰው ሠራሽ እግሮቹ ነበሩ። ሰውየው በዚያች ሌሊት የተረከለትን የጻፈው ባገኘው ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩም የሦስተኛው ስኳድሮን የበረራ መቁጠሪያ ነበር። በረራ እንዲቆጠርበት የተዘጋጀው ወረቀት የመዳህን ታሪክ ያዘ። ልብ ወለዱን ጽፎ የጨረሰው ደግሞ በኑረምበርግ የፍርድ ሸንጎ ላይ በዘጋቢነት ሳለ ነው። ከተከሳሾቹ አንዱ ኸርማን ጎሪንግ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1918 የፕሩሲያን ከፍተኛ የውጊያ ኒሻን የተሸለመ ሰው። ሜዳይ ከተሰካ በኋላ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ሜዳዩ አያውቅም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሶማሊያ ሠራዊት ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ሚግ-17ና ሚግ-21 አውሮፕላኖችን ገጥመው የአየሩን የበላይነት ያዙ። ከእነዚህ አብራሪዎች መካከል በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሰ ተፈራ፣ በርካታ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣሉ በኋላ የራሳቸው አውሮፕላን ተመትቶ ተማረኩ። ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰሩ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ምርኮኞች ሲለቀቁ አገራቸው ገቡ፤ በጀግንነታቸውም ተሸለሙ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተማረኩ አብራሪ ናቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዙት በ1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው የምርኮኞች ልውውጥ አልተመለሱም።

ስለ እነዚህ ሰዎች በአማርኛ የሚነገረው ምንድን ነው? በጋዜጣ፣ በራዲዮ፣ በመታሰቢያ በዓላት የሚነገረውን ልብ ብሎ ለሰማ፣ የሚያይለው ግዳዩ ነው። ስንት ሚግ እንደተጣለ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አቅጣጫ። ይህ መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። ነገር ግን የጥቂት ሳምንታቱ ውጊያ በቃል ተይዞ ሲደጋገም፣ 11 ዓመቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ እኔም ከዚህ በላይ እንዳደረግሁት፣ ያልፋል። ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አይመስለኝም። የቅርጽ ችግር ነው። ፉከራው ለግዳይ ዝግጁ የሆነ አፍ አለው፤ ስንኙ፣ ዜማው፣ የአዳራሹ ምላሽ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ስላለፈ ዓመት ግን እንዴት ይፎከራል? ምርኮ በፉከራ ሕግ ሽንፈት ነውና ፎካሪው ሊጠራው እንኳ ያፍራል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቀድሞ መኮንኖች የሕይወት ታሪኮችና ትዝታዎች በብዛት ታትመዋል፤ ለታሪክ ምሁራን ትልቅ ሀብት ናቸው። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲታዩ ግን ብዙዎቹ በፉከራና በሪፖርት መካከል የሚዋልሉ ናቸው። አንደኛ መደብ ተራኪው ውጊያው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይላል፣ እስሩ ላይ ሲደርስ ወደ ቀን መቁጠር ይመለሳል። ይህ ተራኪውን የሚያስነቅፍ አይደለም። ገድል በባህላችን ባለቤቱ ራሱ የሚጽፈው አልነበረምና። ደቀ መዝሙሩ፣ አብሮት የነበረው፣ ወይም ከሁለት ትውልድ በኋላ የመጣ ጸሐፊ ነው የሚጽፈው። ለተማረከው አብራሪ ደቀ መዝሙሩ ልብ ወለድ ጸሐፊው መሆን ነበረበት።

ይህ ጸሐፊ ቢነሣ የሚጠብቀው ችግር ሁለቱ መጻሕፍት ያሳዩን ነው። ኮሚሳሩን ሳያስገባ እንዴት ይጽፋል? 11 ዓመት የታሰረው ሰው ሲመለስ የተቀበለው መንግሥት ከሦስት ዓመት በኋላ ወድቋል፤ ሜዳዩን የሰጠው አካል የለም፣ በሜዳዩ ላይ የተቀረጸው የሥርዓቱ ስም የለም። ገድሉን ለዚያ ሥርዓት የሰጠ ልብ ወለድ ከሥርዓቱ ጋር ይወድቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውም ሥርዓት የራሱን ኮሚሳር ሊያስገባ ይፈልጋል። ሁሉንም ሣቅ አድርጎ መጻፍም የሚቻል አይመስልም፤ የሶማሊያን እስር ቤት የቀመሱ ሰዎች በመካከላችን ኖረዋል፣ አንዳንዶቹም አሉ። የሚሻለው መንገድ ፖሌቮይ በመጀመሪያው ክፍል የሄደበት ይመስለኛል፤ ከአንዱ ጥድ እስከ ሌላው ያለውን እርምጃ እንደ ቆጠረ ሁሉ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አንድን ቀን እንዴት እንደሚያሳልፍ መጻፍ፤ ማን ውኃ እንዳቀበለው፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳነጋገረው፣ የትኛው ጓዱ ቀድሞት እንደሞተ፣ ሚስቱ ስንት ዓመት ሳትሰማ እንደቆየች፣ ጎረቤት ምን ይላት እንደነበር።